በዮርዳኖስ ማዶ ስላለው ፍል ውኃና ስለ ቆዳ ማሳከክ

ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ከሀገሩ የሚወጣ ምእመን ስንቁን ሲያሰናዳ ስለ መንገዱ ድካምና ስለ ቆላው ሙቀት አስቀድሞ ያስባል፤ ስለ ቆዳው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ ሲወርድ ላቡ፣ አቧራው፣ የፀሐዩ ንዳድና የጨው ባሕር ነፋስ ተባብረው ገላውን ሽፍ ያደርጉበታል፤ ሌሊቱንም ሲያክ ያድራል። ማሳከክ በሰው ዘንድ እንደ ታላቅ ደዌ አይቈጠርም። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጸሎት ያቋርጣል፣ ታጋሹንም ሰው ቍጡ ያደርገዋል።

በግእዝ ሐከከ ማለት ፋቀ፣ አከከ ማለት ነው። አማርኛም ከዚሁ ሥር አከከ፣ አሳከከ፣ እከክ ይላል። ሕመሙን የሚያበርደውን ነገር ደግሞ ማስታገሻ እንለዋለን። ይህ ቃል ከትዕግሥት የተገኘ ነው፤ ታገሠ ካለው አስታገሠ ይወጣልና። እንግዲህ ማስታገሻ ማለት ሕመምተኛው እንዲታገሥ የሚያደርግ፣ ሕመሙንም ለጊዜው ጸጥ የሚያሰኝ ማለት ነው። ፈውስ ግን ሌላ ነው፤ ፈውስ የደዌውን ሥር ይነቅላል። አባቶቻችን ሁለቱን ቃላት ለይተው ማኖራቸው በከንቱ አይደለም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ምን እንደሚደርስ ከዮርዳኖስ ማዶ የሚገኝ አንድ የጥንት ታሪክ አጕልቶ ያሳያል።

የዮርዳኖስ መንግሥት ርእሰ ከተማ አማን በብሉይ ኪዳን የአሞን ልጆች ከተማ ረባት ናት። ኦርዮ በቅጥርዋ ሥር የወደቀባት፣ ከምንጮችዋም የተነሣ በመጽሐፈ ሳሙኤል የውኃ ከተማ የተባለች እርስዋ ናት። ኋላም በንጉሡ በበጥሊሞስ ፊላዴልፎስ ስም ፊላዴልፍያ ተባለች። ከአማን ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ማዳባ ትገኛለች፤ ከማዳባም ወደ ጨው ባሕር ሲወርዱ በጥልቅ ገደል ውስጥ ዛሬ ሐማማት ማዒን የሚባለው ፍል ውኃ አለ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ260 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በክረምት በደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናም ወደ ምድር ጥልቅ ሰርጎ በዚያ ይሞቅና በገደሉ ሥር ይፈልቃል፤ ሙቀቱም ከአንዳንዱ ምንጭ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ በጨው ባሕር ዳር ዛራ የሚባል ሌላ የምንጮች ስፍራ አለ። ይህ ስፍራ በጥንት ዘመን ካሊሮኤ ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም በጽርዕ ቋንቋ መልካም ፈሳሽ ማለት ነው። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የተጠቀሰችው የከነዓን ዳርቻ ላሳ ይህችው ካሊሮኤ ናት ብሎ ጽፎአል። ሮማዊው ፕሊኒዮስም ውኃው ለመድኃኒት የሚሆን መሆኑን መዝግቦአል።

ወደዚህ ውኃ ከመጡት ሕሙማን ሁሉ ስሙ የገነነው ታላቁ ሄሮድስ ነው። በዚህ ላይ አንባቢ ስሞቹን እንዳያምታታ እናሳስባለን። የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው ታላቁ ሄሮድስ ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስን ያስገደለው ልጁ ሄሮድስ አንቲጳስ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 በትል ተበልቶ ሞተ የተባለው ደግሞ የልጅ ልጁ ሄሮድስ አግሪጳ ነው። ዮሐንስ የታሰረበትና የተሠዋበት የመኬሮስ አምባ ከዚሁ ፍል ውኃ ብዙ ሳይርቅ በተራራ ላይ ይታያል።

የታላቁን ሄሮድስ የመጨረሻ ሕመም በሰፊው የጻፈልን በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላዊዮስ ዮሴፍ ነው። በሀገራችን የአይሁድ ነገሥታት ዜና በይበልጥ የታወቀው ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተተረጐመው፣ የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ነው በሚባለው በዜና አይሁድ መጽሐፍ ነው፤ ሁለቱ መጻሕፍት ግን አንድ አይደሉም። ፍላዊዮስ ዮሴፍ እንደሚተርከው ንጉሡ በውስጡ ቀስ ብሎ የሚያቃጥል ትኩሳት ነበረበት። አንጀቱን ይቈርጠዋል፤ እግሮቹ አብጠዋል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ በአካሉም ላይ የሚሸት ቍስል ወጥቶበታል። ከዚህ ሁሉ ጋር ቆዳው በሙሉ ሊታገሡት በማይቻል ማሳከክ ተይዞ ነበር።

ሐኪሞቹም መክረው ዮርዳኖስን አሻግረው ወደ ካሊሮኤ ወሰዱት፤ በፍል ውኃውም ታጠበ። ይህ አልበቃ ሲላቸው ገላውን ያሞቀዋል ብለው በሞቀ ዘይት በተሞላ ገንዳ ውስጥ አገቡት። ንጉሡ ወዲያው ተዝለፈለፈ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ የሞተም መሰላቸው። አገልጋዮቹ ሲጮኹ በጩኸታቸው ነቃ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ ቈርጦ ወደ ኢያሪኮ ተመለሰና ጥቂት ቈይቶ ሞተ። የታሪክ ሊቃውንት አብዛኞቹ ዘመኑን እ.ኤ.አ. ከልደት በፊት 4 በሚባለው ዓመት ያደርጉታል፤ ይህም የአውሮፓ ቈጠራ ከመጀመሪያው ጥቂት ዓመታት ስቶ በመነሣቱ ነው።

የሄሮድስ ሕመም ምን ነበር? በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በተደረገ ጉባኤ ዶክተር ጃን ሂርሽማን የተባሉ ሐኪም የጥንቱን ምስክርነት መርምረው ሥር የሰደደ የኵላሊት ድካም ነው፤ ቍስሉም ሥጋን የሚያበሰብስ ሌላ ደዌ ተጨምሮበት ነው የሚል አሳብ አቅርበዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ግምት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በዚህ ግምት ውስጥ ለሁላችን የሚሆን ትምህርት አለ። ኵላሊት ደምን ማጣራት ሲያቅተው፣ ወይም የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ፣ በቆዳ ላይ አንዳች ሽፍታ ሳይታይ መላ አካል ያሳክካል። እንዲህ ያለው ማሳከክ ከውስጥ የተላከ መልእክተኛ ነው። የሄሮድስ ሐኪሞች መልእክተኛውን በፍል ውኃና በዘይት ሊያባርሩት ደከሙ፤ ላኪው ግን በውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚያም ላይ ለሚያሳክክ ቆዳ ከሁሉ የከፋውን ነገር ሰጡት፤ እርሱም ብርቱ ሙቀት ነው።

በዚህ ምክንያት ግን ፍል ውኃው ይናቅ አንልም። ያው ፍላዊዮስ ዮሴፍ ባአራስ ስለሚባለው ሸለቆ ሲጽፍ በዚያ ሙቅና ቀዝቃዛ፣ መራራና ጣፋጭ ምንጮች ጐን ለጐን እንደሚፈልቁ፣ ሁለቱም ሲቀላቀሉ ደስ የሚያሰኝና ለብዙ ደዌ የሚረዳ መታጠቢያ እንደሚሆኑ፣ በአጠገቡም ድኝ የሚወጣበት ጕድጓድ እንዳለ ያወሳል። ሙቁ ከቀዝቃዛው ይቀላቀል እንደነበር ልብ እንበል። በአምስተኛው መቶ ዓመት ደግሞ በጆርጂያ ምድር ተወልዶ የማዩማ ጳጳስ የሆነው፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት አባቶች አንዱ የነበረው ጴጥሮስ ኢቤራዊ በ491 እ.ኤ.አ. ከማረፉ በፊት ለሥጋው ድካም ወደዚህ ሀገር ፍል ውኃዎች መውረዱን፣ በመንገዱም ናባው ተራራንና ማዳባን መጐብኘቱን ገድሉ ይናገራል። በማዳባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ባለው፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት በተሠራው የድንጋይ ሥዕል ካርታም የካሊሮኤ ምንጮች ከዘንባባ ዛፎቻቸው ጋር ተሥለው ዛሬም ይታያሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዛራ በተደረገ ቍፋሮ የሄሮድስን ዘመን የሕንጻ ፍርስራሾች ማግኘት ተችሎአል።

ከአማን ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለው ተራራማ ሀገር ገለዓድ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ስብራት ሲያለቅስ በገለዓድ መድኃኒትና ሐኪም እንደ ጠፋ አድርጎ መጠየቁን ካህናት ያውቁታል። ዮሴፍን የገዙት እስማኤላውያንም ከገለዓድ የሚመጡ፣ ሽቱና የሚቀባ መድኃኒት ወደ ግብፅ የሚያወርዱ ነጋዴዎች ነበሩ። የገለዓድ ቅባት ከየትኛው ዛፍ እንደሚወጣ ሊቃውንት ይከራከራሉ። በኢያሪኮና በዓይን ጋዲ ይተከል የነበረው ዝነኛው የበለሳን ዛፍ ግን ከከርቤ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ዱር በቀሉም በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ይገኛል። ፍላዊዮስ ዮሴፍ የዚህን ዛፍ ሥር ለሰሎሞን ያመጣችለት የግብፅና የኢትዮጵያ ንግሥት ናት የሚል ትውፊት መዝግቦአል። እንግዲህ የጥንት ሰዎች የዚህን ሀገር የከበረ መድኃኒት ከእኛይቱ ንግሥት ስጦታ ጋር አያይዘው ያስቡት ነበር ማለት ነው።

የቤት መድኃኒት በቅዱሳት መጻሕፍት የተናቀ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ቍስል ወጥቶበት ለሞት በደረሰ ጊዜ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዞአል፤ በጸሎቱ ላይ ኢሳይያስ ከማጀት የሚገኘውን ጨመረ እንጂ አንዱን በሌላው አልሻረም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ደግሞ ካህኑ የታመመውን ሰው ቆዳ ሲያይ ፈጥኖ እንዳይፈርድ፣ ሰባት ቀን አግልሎ ዳግመኛ እንዲመረምር፣ ተራውን ሽፍታ ከለምጽ እንዲለይ ታዝዞአል። ይህ ሥርዓት የመንጻት ሥርዓት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም መመርመርና መለየት ከማከም እንደሚቀድም ያስተምራል። ሄሮድስ ያጣው ይህንኑ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ይህን ዕውቀት አባቶቻችንም ይዘውት ነበር። መጽሐፈ መድኃኒት በሚባሉት፣ ደብተራዎች እየገለበጡ ባቈዩአቸው ብራናዎች ለየደዌው የሚሆን ቅጠልና ሥር ተመዝግቦአል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባሉ የፖላንድ ሊቅም ከእነዚህ ብዙዎቹን በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አዲስ አበባም ራስዋ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት በማሠራታቸው የተቈረቈረች ናት። በደቡብ ጎንደር ወደ ዋንዛጌ፣ በሌላውም አውራጃ ወደየፍል ውኃው ለቆዳ ሕመም የሚወርደው ሰው ብዙ ነው።

የእከክ ነገር ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። እከክ የሚመጣው ዓይን ለይቶ በማያየው በጣም ትንሽ ተባይ ነው፤ ተባዩ ከቆዳ በታች መንገድ እየቈፈረ እንቍላሉን ይጥላል። የደዌው ምክንያት ይህ መሆኑን በ1687 እ.ኤ.አ. ቦኖሞና ቼስቶኒ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን በማጕያ መነጽር አይተው አረጋገጡ። ከዚያ በፊት በብዙ መቶ ዓመት ሰዎች ድኝ ከቅባት ጋር ለውሰው ይቀቡት ነበር፤ ድኝም በእርግጥ ተባዩን ይገድላል፤ በልክ የተዘጋጀ የድኝ ቅባት ዛሬም በሐኪም ይታዘዛል። እነሆ፣ አንዳንድ የጥንት መድኃኒት ምክንያቱ ሳይታወቅ በልማድ ተገኝቶ ኋላ በዕውቀት ተመስክሮለታል።

በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ውኃ ሲጠፋና ሰው ሲጨናነቅ በአማራ ክልል እከክ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲመረመር ከሦስቱ አንዱ ያህል ተይዞ ተገኘ። በጎንደር ከተማ የቆሎ ተማሪዎችን የመረመረ ጥናትም በጎጆአቸው ደዌው በርክቶ መገኘቱን ገልጦአል። ይህ ለካህናትና ለየኔታዎች ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሆኖ በአንድ ጎጆ የሚያድር፣ አንድ ደበሎ የሚለብስ ተማሪ ሌሊት ሲያክ አድሮ ቀን ቀለሙ አይገባውም፤ ያከከውም ቆዳ ቈስሎ ሌላ ደዌ ይጨመርበታል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ እስከ ኵላሊት ይደርሳል። ለእንዲህ ያለው ማሳከክ ቅቤና ቅጠል ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይሆኑም። የሚያድነው በጎጆው ያሉት ሁሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ በአንድ ቀን መድኃኒቱን ሲቀቡ፣ ልብሱና ምንጣፉ በሙቅ ውኃ ሲታጠብና በፀሐይ ሲሰጣ ነው። ተባዩ ከሞተ በኋላም ማሳከኩ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቈይ ይችላልና መድኃኒቱ ከሸፈ ተብሎ ተስፋ አይቈረጥ።

እንግዲህ በመንገድ ላይ ወይም በቤት ሳለን ተራ ሽፍታና ማሳከክ ሲይዘን ምን እናድርግ? ከሁሉ የሚቀድመው ቅዝቃዜ ነው፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በሚያሳክከው ላይ ጥቂት ደቂቃ ማኖር ነው። ገላን ለብ ባለ ውኃ ባጭሩ ታጥቦ፣ ጠንካራ ሳሙናን ትቶ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት ይገባል። ብርቱ ሙቀት የቆዳን ወዝ ይወስዳል፤ ደሙንም ወደ ቆዳ ይጠራል፤ ለጊዜው ደስ ቢያሰኝ በኋላ ማሳከኩን ያብሳል። ደቅቆ በለብታ ውኃ የተበጠበጠ አጃ የተቈጣ ቆዳን ያበርዳል። የእሬት ነጩ ዝልግልግ ውስጡም እንዲሁ ያቀዘቅዛል፤ ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ስለሚያስቈጣ መወገድ አለበት። በአማን ገበያዎች ባቡነጅ የሚባለው አበባ ይሸጣል፤ የሀገሩ ሰዎች አፍልተው ካቀዘቀዙት በኋላ በጨርቅ ያኖሩታል፤ አበባ የማይስማማው ሰው ግን ይጠንቀቅ። ጥፍርን ማሳጠርም ራሱ አንድ መድኃኒት ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ተወቅጠው በቆዳ ላይ ሲታሰሩ እንደ እሳት ያቃጥላሉ፤ ብዙ ጊዜም ውኃ ያስቋጥራሉ። ሎሚ ተቀብቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ቆዳው ይቃጠልና ጥቍር ምልክት ይተውበታል። እንዶድ ለልብስ እንጂ ለላጠ ገላ አይሆንም።

የጨው ባሕር ውኃ ከመቶው 34 እጅ ያህል ጨው ነው፤ ከሌላው ባሕር ዐሥር እጥፍ ማለት ነው፤ ማግኒዚየም የሚባለውም ማዕድን በብዛት አለበት። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የዚህ ባሕር ጨው በመጠኑ በተጨመረበት ውኃ ክንዳቸውን የነከሩ የደረቀና የሚቈጣ ቆዳ ያላቸው ሰዎች መሻሻል ማሳየታቸውን ገልጦአል። በጥናቱ የተጨመረው ጨው ከመቶው 5 እጅ ብቻ ነበር፤ ልኩን እናስተውል። በቈሰለና በተላጠ ገላ ወደ ባሕሩ የሚገባ ግን ሕመሙን ያበዛል። ስለዚህ የሚታጠብ ሁሉ ዓይኑን ይጠብቅ፤ ቶሎ ይውጣ፤ በንጹሕ ውኃም ተለቃልቆ ቅባት ይቀባ።

ከዚህ በኋላ ማስታገሻው ወሰኑን እንዳያልፍ ምልክቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ማሳከኩ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሽፍታ ሳይኖር መላ ገላ ካሳከከ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ እግር ካበጠ፣ ሽንት ካነሰ፣ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ምስጢሩ ከቆዳ በታች ነውና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የቤተ ሰቡ ሁሉ በሌሊት ካሳከከው እከክ መሆኑ ይጠረጠር። በገላ ላይ የደበዘዘና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት የታየበት ሰው ፈጥኖ ይመርመር፤ የሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታልም ለዚህና ለሌላው የቆዳ ደዌ የታወቀ ነው። ከሽፍታው ጋር ፊትና ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅ።

ተሳላሚ ሆይ፤ ወደ ናባው ተራራ ወይም ወደ ማዳባ ስትሄድ በስተ ምዕራብ ያለውን ገደል ተመልከት። በዚያ ሐኪምም፣ ዘይትም፣ ፍል ውኃም ያላነሰው ንጉሥ የቆዳውን ማሳከክ ተከትሎ ወርዶ የሥጋውን ደዌ ሳያገኘው ተመለሰ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሌሎች ድኩማን በዚያው ውኃ ዕረፍት አግኝተዋል። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ጨርቅና የእናቶቻችንን የማጀት ዕውቀት በምስጋና እንቀበል፤ በሚሰጠንም የትዕግሥት ጊዜ የደዌውን ሥር እንፈልግበት።